ባቡሩ ውሃ እምቢ ያለ ዕለት

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከታች የሰው ንግግር ብዙ አለ። ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ ቃል በቃል አስታውሳለሁ ብል አታምኑኝም፤ እኔም ራሴን አላምንም። የማስታውሰውን እንዳለ፣ የጠፋኝን ደግሞ ሰዎቹ ይናገሩ እንደነበረው አድርጌ ጽፌዋለሁ። የማልጠራጠርበትን ቦታ ስደርስ እነግራችኋለሁ።

ጊዜው ንጉሡ ከዙፋናቸው ሊወርዱ ጥቂት ዓመታት ሲቀራቸው ነው። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ስምንተኛ ክፍል ገና መግባቴ። አብረውኝ የሚቀመጡት ልጆች «እማማ» እያሉ ይስቁብኛል። ፊደል የቆጠርኩት ባል አግብቼ፣ ፈትቼ፣ ከቡኢ ወዲያ ካለው ያባቴ ቤት ወጥቼ፣ ቡታጅራ ታላቅ ወንድሜ ዘንድ ከገባሁ በኋላ ነው። ጠዋት ጠዋት ለመሰንጠቂያው ሠራተኞች ምግብ አበስላለሁ። ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። ማታ እንደገና ምድጃ። ድካሙን እንደ ልብስ ለብሼው ስለምውል ድካም መሆኑን እንኳ ረስቼው ነበር።

ወንድሜ ሳህሌ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከተራራው ግርጌ ባለ የእንጨት መሰንጠቂያ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ባቡር ስል ሐዲድ ላይ የሚሄደው እንዳይመስላችሁ። ያኔ እህል የሚፈጨውንም እንጨት የሚሰነጥቀውንም ሞተር ሰው ባቡር ነው የሚለው። የእኛው በእንፋሎት የሚሠራ ነበር፤ የተጋደመ ትልቅ የብረት ጋን፣ ከፊቱ ምድጃ፣ አናቱ ላይ ጭስ ማውጫ። ምድጃው የሚበላው ራሱ መጋዙ የሚገሸልጠውን ቅርፊት ነው። የጋኑ ውሃ ይፈላል፣ እንፋሎቱ መንኮራኩር ያዞራል፣ መንኮራኩሩ በቺንጋ፣ በረዥሙ ቀበቶ፣ መጋዙን ይጎትታል።

የጋኑ ውሃ እየተነነ ስለሚያልቅ ሁልጊዜ መተካት አለበት። ችግሩ፣ ውስጡ እንዲያ በእንፋሎት የተወጠረ ጋን ውሃ ዝም ብሎ አይቀበልም። ለዚህ ሥራ ከጎኑ ክንድ የማታክል የነሐስ ዕቃ ተገጥማለች፤ ሠራተኞቹ «አጠጪዋ» ይሏታል። ከጋኑ የሚወጣ እንፋሎት ውስጧ ባለች፣ ቀሰም በምንላት አጭር ቱቦ በኩል በኃይል ይተኮሳል፤ ከበርሜል የሚመጣውን ቀዝቃዛ ውሃ ይስባል፤ ከውሃው ጋር ተቀላቅሎ ራሱም ውሃ ይሆንና ያንን ሁሉ እየገፋ ተመልሶ ጋኑ ውስጥ ይገባል። ሥራዋን ስትይዝ እንደ ንብ ቀፎ ታንጎራጉራለች። ካልያዘች ውሃውን ከሥሯ ባለው ቱቦ ወደ ውጭ ትተፋዋለች። ሁልጊዜ ስትነሳ ትንሽ ትተፋለች፤ ያንን ለብ ያለ ውሃ በባልዲ እየተቀበልኩ ድስት አጥብበት ነበር። ባቡሩ ሌላ የውሃ ፓምፕም ነበረው አሉ፤ ከተሰበረ ቆይቷል። መለዋወጫው ከውጭ ይመጣል እየተባለ ቀርቷል።

መሰንጠቂያው ውስጥ ማንም ያልጻፈው ደንብ ነበር። መስቀል ሲደርስ ክርስቲያኖቹ ወዳባታቸው ቤት ይገባሉ፤ ሥራቸውን ሙስሊሞቹ ይሸፍናሉ። አረፋ ሲደርስ ደግሞ በተራው። ማንም ማንንም አይለምንም፣ ማንም ማንንም አያመሰግንም። ሳህሌን የሚሸፍነው ጋሼ ሸምሱ ነበር፤ የመስቃን ሰው፣ ጠይም፣ ረዥም፣ እሳት አንዳጅ። እሳትን ከማንም በላይ ያውቃል። ውሃው ግን የሳህሌ ሥራ ነበር፤ ሸምሱ ሳህሌ ሲያደርግ ያየውን ነው የሚያደርገው።

የመስቀል ሰሞን፣ መሰንጠቂያው ለጽዳት በቆመበት ዕለት፣ ወደ ከሰዓት ላይ፣ ሳህሌ አጠጪዋን ፈታትቶ በጨርቅ ጠቅልሎ ቤት ይዟት መጣ። እኔ ደጃፍ ላይ የክትፎ ጣባ እያሸሁ ነበር። በጉራጌ ቤት ለመስቀል የማይታጠብ ነገር የለም፤ ግድግዳው ይለቀለቃል፣ ቢላው ይሳላል፣ ዓመቱን ሙሉ የጠቆረ ሁሉ ይፋቃል።

«ምን ልትሆን ነው እሷ?» አልኩት።

«መታጠብ የጣባ ብቻ ነው እንዴ? ዓመቱን ሙሉ ያበላችን ባቡር አይደለም? እሱም መስቀሉን ይቀበል እንጂ።»

ነሐሷን በአመድና በሎሚ አሸናት፤ እንደ ወርቅ አበራች። ትንሿን ቀሰም እኔ ተቀበልኳት። በአንድ ወገን ሰፊ ናት፤ ወደ መሃሏ እየጠበበች ትሄድና ወገቧ ላይ እጅግ ትቀጥናለች፤ ከዚያ ቀስ እያለች እንደገና ትሰፋለች። የጆንያ መስፊያ ወስፌ ከደረቴ ነቅዬ ከተትኩባት። ወገቧ ላይ ያዘው።

«ይኸው! አየሽ?» አለ ሳህሌ። «የውሃው ኖራ ነው። ድንጋይ ሆኖ ዘግቶታል።» ክብ ሞረዱን አነሳ።

«ኖራ ቢሆን ዙሪያውን እንዲህ እኩል አድርጎ ይይዛል? ልክ እንደተለካ እኮ ነው።»

«አስካለ፣ አንቺ ደግሞ መጽሐፍ ከጀመርሽ ወዲህ ሁሉን ነገር መለካት! ጉሮሮው ሲከፈት ይሻለዋል እንጂ ይብስበታል?»

ፋቀው። የሚረግፈው ትቢያ ቢጫ ነበር እንጂ ነጭ አልነበረም። ሲጨርስ ወስፌውን ደግሜ ከተትኩት፤ ሳይነካ አልፎ እግሬ ሥር ወደቀ። ሳህሌ ደስ አለው። እንዳበራች ወስዶ ገጠማት፤ ምድጃው ቀዝቃዛ ስለነበረ አልሞከራትም። በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ቅቤውን ይዞ ወደ አባታችን ቤት ሄደ። እኔ የቀሩትን ሠራተኞች አብልቼ፣ ጣውላ ሊጭን በመጣው መኪና እስከ ቡኢ ልከተለው ነበር።

ጋሼ ሸምሱ ማለዳ ምድጃውን አቀጣጥሎ፣ «አሰላሙ አለይኩም፣ የኔ ዳኛ!» አለኝ፤ ሁሉን ስለማጣራ ዳኛ ይለኛል። «ዛሬ ቶሎ አብዪን። ካቦው ጣውላው ሳያልቅ ማንም አይሄድም ብለዋል።»

ካቦው፣ የሠራተኞቹ አለቃ፣ አቶ ደምሴ ናቸው፤ ከሰላሌ የመጡ፣ ቆፍጣና፣ የጨዋ ቋንቋ የሚናገሩ ሰው። የመኪናው ሹፌርም መስቀሉን አገሩ ሊውል ስለቸኮለ ከጧት ጀምሮ ጥሩምባውን እየነፋ ያደነቁረናል። ግቢው ሴቶች ሞልተውበታል። ለበዓሉ ማገዶ ቅርፊት ሊለቅሙ የመጡ ናቸው፤ ሙስሊሞቹም ክርስቲያኖቹም። ድምፃቸው ከመጋዙ በላይ ይሰማል።

መጀመሪያ ያስተዋልኩት ባልዲውን ነው። እንደልማዴ ከቱቦው ሥር አስቀምጬ ውሃ ስቀበል ጣቴን ነካኝ። ጮህኩ። ሁልጊዜ ለብ ያለው ውሃ የሚፈላ ሆኗል።

«ጋሼ ሸምሱ፣ ይኼ ውሃ ምን ሆነ?»

«ዛሬ አልያዘችም» አለ፤ እጀታዋን ከፍቶ ዘጋ፣ ከፍቶ ዘጋ። አጠጪዋ እንደ ተቆጣ ድመት ፍስስ አለች፤ ከቱቦው ውሃና እንፋሎት ተደባልቆ ተተፋ። «ትይዛለች። እንፋሎቱ ገና አልበረታም።»

ቅርፊት ጨመረ። ግፊቱን የሚያሳየው ቀስት ወጣ። ደግሞ ሞከረ፤ የባሰ ተፋች። ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ነክሮ ላይዋ ላይ ጠቀለለባት፤ ሳህሌ እንዲያ ሲያደርግ አይቷል። አንድ አፍታ አንጎራጎረችና ተወችው።

የጋኑ ውሃ የሚታየው ከፊት ለፊት ባለች ቀጭን የመስታወት ቱቦ ነው። ጧት ከግማሽ በላይ ነበር። ምሳ ሳወጣ ከግማሽ በታች ሆኗል። ሠራተኞቹ በልተው ሲነሱ ሁለት ጣት ቀርቶታል። ይህን እንድረዳ ሳህሌ ቀደም ብሎ አስፈራርቶ ነግሮኛል፤ ውሃው ከመስታወቱ ከጠፋ በውሃው ሥር ያለው የምድጃው ጣሪያ ይግላል፣ የጋለ ብረት ይለሰልሳል፣ ከዚያ በኋላ ጋኑ ይቀደዳል። በሌላ አገር አንድ ጋን ሲፈነዳ ክዳኑ ከወንዝ ማዶ ተገኘ ብሎኛል። ሰዎቹስ ስለው ስለ ሰዎቹ አልነገረኝም።

አቶ ደምሴ መጡ። መስታወቱን አዩ፤ ፊታቸው ተለወጠ፤ ግን ወዲያው ወደ መኪናው ዞር ብለው አዩ።

«ስንት ግንድ ቀረ?»

«ስምንት» አለ አንዱ።

«ሸምሱ፣ ስምንት ግንድ ነው። በዚህ ውሃ አይወጣም?»

«አቶ ደምሴ፣ አላህ ያውቃል እንጂ እኔ አላውቅም። ሳህሌ ቢኖር…»

«ሳህሌ የለም! ሳህሌ አሁን ክትፎ ፊት ነው። ካልሆነ መጋዙን እናቁም።»

መጋዙ ቆመ። ይሻላል ብላችሁ ይሆናል፤ እኔም ብዬ ነበር። ነገር ግን የሚጎትተው ሲያጣ እንፋሎቱ ጋኑ ውስጥ ተጠራቀመ፤ ቀስቱ ወደ ቀዩ ምልክት ወጣ፤ አናቱ ላይ ያለው የደህንነት ቫልቭ ብድግ ብሎ ጮኸ። ግቢው በሙሉ ነጭ ሆነ። የሚወጣው እኮ ውሃችን ነው፤ ቫልቩ በጮኸ ቁጥር መስታወቱ ውስጥ ያለው ይቀንሳል። መጋዙን ብናስነሳ እንፋሎቱን መጋዙ ይበላዋል፤ ብናቆም ቫልቩ ይተፋዋል። ሁለቱም መንገድ ወደ አንድ ገደል ነው።

እትዬ ዘይነባ የሚባሉ፣ የሴቶቹ ሁሉ አፍ የሆኑ ሴት፣ እንስራቸውን አዝለው ቀረቡ። «ምን ሆነ ይኼ? እንደ ባሌ ጠምቶት ነው የሚጮኸው? ስጡት ውሃ!»

«አይጠጣም፣ እትዬ።»

«አይጠጣም? ይኼም ጾም ያዘ?»

ሴቶቹ ሳቁ። ጋሼ ሸምሱ አልሳቀም። ቅርፊት ሊጨምር እጁን ዘረጋ።

እኔ ያን ጊዜ ስለ ባቡር የማውቀው አሁን የነገርኳችሁን ብቻ ነው፤ ከዚያ አንዲት አታልፍም። ዝም ለማለት በቂ ምክንያት ነበረኝ። ደግሞም በዚያ ግቢ እኔ ወጥ አቅራቢ ነኝ። ግን የተቃጠለው ጣቴ እየጠዘጠዘኝ፣ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን መጥተው ፊቴ ቆሙ፤ እግሬ ሥር የወደቀው ወስፌና የሚፈላው የባልዲ ውሃ።

«ጋሼ ሸምሱ፣ ተው። አትጨምር» አልኩት።

«ምን?»

«ቀሰሟን ወንድም ጋሼ ሳህሌ ትላንትና አስፍቷታል። በሞረድ። በፊት ወስፌ የማያሳልፍ ወገብ ነበራት፤ አሁን የላትም።»

«እና ከሰፋች ብዙ እንፋሎት ታሳልፋለች። ብርቱ ትሆናለች።»

«አዎ፣ ብዙ ታሳልፋለች። የሚመጣው ቀዝቃዛ ውሃ ግን ያው የበፊቱ ነው። ማሰሮ ቀዝቃዛ ላይ አንድ ጭልፋ ፍል ብትጨምር ለብ ይላል። ሦስት ማሰሮ ፍል ብትጨምርበትስ? ይኸው ጣቴ። ውሃው እንፋሎቱን ማቀዝቀዝ አልቻለም፣ ለዚያ ነው የምትተፋው። እሳት በጨመርክ ቁጥር ይብስባታል።»

አቶ ደምሴ በትዕግሥት አዩኝ፤ ሰው የሕፃን ግጥም ሲያዳምጥ እንደሚያየው። «የኔ እመቤት፣ ወጡን ጨርሰሻል?»

«ጨርሻለሁ።»

ጋሼ ሸምሱ ግን አጠጪዋን እያየ ነበር። የእንፋሎቱን መዝጊያ ከግማሽ በላይ አጠበበው። ትፋቱ ቀነሰ፤ ዝም አለ፤ አጠጪዋ አንጎራጎረች። መስታወቱ ውስጥ ውሃው ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ጋኑ መልሶ የገፋት ይመስል «ቧ!» ብላ ተወችው።

«ያዘች እኮ!» አለ ጋሼ ሸምሱ።

«ጋኑ በረታባት» አልኩ። «እሷ በትንሽ እንፋሎት ትሠራለች፤ እሱ ግን እስከ ቀዩ ተወጥሯል። እሱም መውረድ አለበት።»

«እንዴት ይወርዳል?» አሉ አቶ ደምሴ።

መልሱን ሁላችንም እናውቀው ነበር።

«እሳቱ ይውጣ» አለ ጋሼ ሸምሱ ራሱ።

«አብደሃል?» አሉ አቶ ደምሴ። «እሳቱ ከወጣ ዛሬ ባቡር የለም! ይህ መኪና ባዶውን ነው የሚሄደው። ደግሞ የት ልታወጣው ነው? ግቢው ሰጋቱራ ነው፤ ፍም ብታፈስበት መሰንጠቂያውን ታነደዋለህ። ለባለቤቱ ምን እላለሁ? ወጥ ሠሪዋ አዘዘች ልበል?»

እውነታቸውን ነበር፣ ሰጋቱራው፣ የመጋዙ ብናኝ፣ ቁርጭምጭሚት ድረስ ነው። ሰውየው ክፉ አልነበሩም። ስምንት ግንድ ብቻ የቀረው የደከመ ሰው ነበሩ።

ጋሼ ሸምሱ ወደ እኔ ዞረ። የማልጠራጠርበት ቦታ ያልኳችሁ ይህ ነው።

«አስካለ፣ እርግጠኛ ነሽ?»

ያን ጊዜ «አዎ» ማለት እንዴት ቀላል እንደነበረ አልረሳውም። ሰው ሁሉ «አዎ» እንድል ወይም እንድሸሽ ይጠብቃል።

«ስለ ወስፌው እርግጠኛ ነኝ» አልኩት። «ስለ ውሃው ሙቀት እርግጠኛ ነኝ። ስለ ሌላው እርግጠኛ አይደለሁም።»

«ይበቃኛል» አለ።

ጋቢውን አውልቆ ወረወረ። «እትዬ ዘይነባ! ሴቶቹን ያዙልኝ። ግማሹ ሰጋቱራውን ይጥረግ፣ ግማሹ ከወንዝ ውሃ ያምጣ። የበርሜሉን አልፈልግም፣ ፀሐይ አሙቆታል፤ ከወንዝ!»

«ሰማችሁ እናንተ? ቅርፊቱን ጣሉ! ቅርፊት ነገም አለ!» ብለው እትዬ ዘይነባ ጮኹ። ከዚያ ዝቅ አድርገው፣ «ሸምሱ፣ እኔ ልጅ ያዘልኩ ሴት አይደለሁም፣ እሮጣለሁ። ከፈነዳ ግን ባሌን አንተ ታገባዋለህ።»

አሁን ሳቀ።

የምድጃውን በር ሲከፍተው ሙቀቱ እኔን ከቆምኩበት ገፋኝ። በረዥም ሜንጦ ፍሙን እየሳበ ወደ ተጠረገው አፈር ያወጣ ጀመር። ሴቶቹ ውሃ ይደፉበታል፣ ይንጨረጨራል፣ አመድና እንፋሎት ያለብሰናል። አቶ ደምሴ ለጥቂት ጊዜ ቆመው አዩ። ከዚያ ኮታቸውን ግንድ ላይ አስቀምጠው አካፋ አነሱ። ሹፌሩ ጥሩምባውን ትቶ መኪናውን ርቆ አቆመ።

ቫልቩ አሁንም ይጮሃል። ጋሼ ሸምሱ ከምድጃው አፍ አይርቅም፤ የክንዱ ፀጉር ሲቃጠል ሸተተኝ። ሜንጦው ስለሚግል እጁን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎታል፤ ጨርቁ ደርቆ ይጨሳል። ሁለት ጊዜ ወድቆ ተነሳ። እኔ ሥራዬ መስታወቱን ማየት ነበር። «ንገሪኝ» ብሎኛል፣ «ከጠፋ ንገሪኝና ሁላችሁም ሂዱ።»

«አንተስ?»

«ንገሪኝ ብቻ።»

ውሃው አንድ ጣት ነበር። ከዚያ ግማሽ ጣት። ከዚያ የክር ያህል፣ ከታችኛው ብረት በላይ የምትንቀጠቀጥ። ዓይኔን ከነቀልኩ የምትጠፋ ስለመሰለኝ አልጨፈንኩም። በሕይወቴ እንደዚያ ሰዓት የደከምኩበት ጊዜ የለም፤ ቆሜ ከማየት በቀር ያደረግሁት ነገር ግን አልነበረም።

ቫልቩ ዝም አለ። ሲጮህ ከቆየ በኋላ ዝምታው ጆሮ ያማል። ቀስቱ ከቀዩ ወረደ፤ ደግሞ ወረደ፤ ግማሹን አለፈ። የቀረው ፍም ጥቂት ነው። የወንዙ ውሃ በርሜሉን ሞልቶታል።

ጋሼ ሸምሱ «ቢስሚላህ» ብሎ እጀታውን ከፈተ።

ተፋች። መዝጊያውን ትንሽ አጠበበ። ተፋች። ደግሞ ትንሽ። እጄን ከቱቦው ሥር አደረግሁ፤ የሚወርደው ውሃ ሞቅ ያለ እንጂ የሚፈላ አልነበረም።

«ጋሼ ሸምሱ፣ ለብ አለ!»

እንደተናገርኩ ትፋቱ ቀጠነ፣ ተቆረጠ። አጠጪዋ አንጎራጎረች። አንዴም አላቋረጠችም። ከበርሜሉ ውሃው ሲሳብ ይሰማል። ክሯ ወፍራም ሆነች፤ ጣት ሆነች፤ ሁለት ጣት ሆነች።

እልል ያለ ሰው አልነበረም። እትዬ ዘይነባ እንስራቸው ላይ ተቀመጡ። አቶ ደምሴ አካፋቸውን ተደግፈው «ስምንት ግንድ» አሉ ለራሳቸው፤ የሰደቡ ይሁን ያመሰገኑ አልገባኝም። ጋሼ ሸምሱ መሬት ላይ ተዘረጋ። ክንዶቹ እስከ ክርኑ ተልጠው ነበር። ቅቤ ቀባሁለት፣ እንደዚያ ነበር የምናውቀው፤ ዛሬ ቢሆን ቀዝቃዛ ውሃ ነበር የማፈስለት። መኪናው ባለቀው ጣውላ ሄደ፤ እኔ አልሄድኩም። መስቀሉን ቡታጅራ እሱን ሳስታምም ዋልኩ።

ሳህሌ ሲመለስ ሰዎቹ በር ላይ ነግረውት ነበር። ለጋሼ ሸምሱ ሥጋችን ስለማይሆንለት አንድ ቅል ቅቤና ቆጮ ይዞለት ገባ። ከአልጋው ጎን ተቀመጠ፤ የተጠቀለሉትን ክንዶች አየ።

«እኔ ላጸዳው ብዬ ነው» አለ።

«አውቃለሁ» አለው ጋሼ ሸምሱ። «እንደ ወርቅ ነበር የምታበራው።»

ከዚያ ወዲህ ይህን ነገር አንስተው ሲነጋገሩ አልሰማሁም። አዲስ ቀሰም ከአዲስ አበባ መጣ።

ምክንያቱን የተረዳሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። መምህርነት ተምሬ፣ በክረምት ዩኒቨርሲቲ እየተመላለስኩ ዲግሪዬን ስሠራ፣ አስተማሪያችን ሰሌዳው ላይ እየጠበበ ሄዶ እንደገና የሚሰፋ ቱቦ ሳለ። ከክፍሉ ሁሉ አሮጊቷ እኔ ነበርኩ። «ከመውጫው በኩል ግፊቱን ብንቀንስ የሚያልፈው ጋዝ ይጨምራል» አለን። «እስከ መቼ?» ብሎ ጠይቆ ራሱ መለሰ። «ጉሮሮው ላይ ያለው ፍጥነት የድምፅን ፍጥነት እስኪያክል ድረስ። ከዚያ በኋላ በታች በኩል የፈለጋችሁትን ብታደርጉ ወሬው ወደ ላይ አይደርስም፤ ወሬው ራሱ የሚሄደው በድምፅ ፍጥነት ነውና። ያን ጊዜ ስንት ጋዝ ይለፍ የሚለውን የሚወስኑት ጉሮሮውና ከላይ ያለው ጋዝ ናቸው።» ጠባቡ ወገብ የተለካ ነበር፤ ልክ እንደጠረጠርኩት። እንፋሎቱን ከድምፅ የሚያስቀድመው ደግሞ ከወገቡ ወዲያ ያለው መስፋት ነው። ሳህሌ ወገቡን ሲያሰፋው የሚያልፈው እንፋሎት በዛ፤ እሳት ስንጨምር ደግሞ ከላይ ያለው ግፊት ጨመረና ይበልጥ በዛ። እጄን አላነሳሁም። ክፍሉ ሲወጣ ግን ሥዕሉ እስኪጠፋ ቁጭ ብዬ አየሁት።

ከዚያ ወልቂጤ ፊዚክስ ሳስተምር ጡረታዬ ደረሰ። አሁን ሳስበው፣ አንባቢዎቼ፣ ያ ቀን የለወጠኝ ባቡሩ ስላልፈነዳ አይደለም። ቢሳሳት ኖሮ የኔ ግምት፣ ዛሬ ይህን የሚጽፍ አልነበረም፤ ስለዚህ ብልህ ነበርኩ ብዬ አልኮራም። ተማሪዎቼ ጨካኝ ይሉኝ ነበር። ፈተና ላይ «ይመስለኛል» ያለውን ዝቅ አድርጌ፣ «ይህን አላውቅም» ብሎ የጻፈውን ከፍ አድርጌ አርማለሁ። ባልደረቦቼ «አስካለ፣ አላወቀም እኮ» ይሉኛል። አያውቅም፤ የት ድረስ እንደማያውቅ ግን ያውቃል። ስለ ደከመኝ ብዙ ነገር ትቻለሁ፤ ይህን አልተውኩም።

እስከዚያ ቀን ድረስ በእኔ ቃል ተነስቶ አንድ ነገር ያደረገ ሰው አልነበረም። አባቴ አላደረገም፤ ያገባኝም አላደረገም፤ ወንድሜ ሞረዱን ይዞ ቀለደብኝ። ጋሼ ሸምሱ ጠየቀኝ፤ የማውቀውን ከማላውቀው ለይቼ ነገርኩት፤ እሱም በዚያችው ልክ፣ አንዲት ሳይጨምርባት፣ እጁን እሳት ውስጥ ከተተ። ሰው እንደዚያ አድርጎ ካመናችሁ በኋላ ቃል ማብዛት ያስፈራል።